ጥማድ መፍታት

ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳር። ሽንብጥ፣ የኪራይ ክፍል፤
ቆርቆሮው ጣ! ጣ! ይላል፣ ፀሐይ በርትታበት ሲግል።
ብስክሌቴ ቆማለች፣ የኋላ እግሯ ታስሮ፣
ልንገረው በየደልኝ፣ የአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጦ፣ አዙሮ።
"ሂጂ" እላታለሁ፤ ትሄዳለች፣
ሄዳ ሄዳ ግን እዚያው አለች።

ትከሻዬን ባጃጅ ሰብሮ፣ ሐኪም መንገድ ከለከለኝ፤
ሁለት ወር ሆነ እንግዲህ፣ ይህ ግድግዳ ሲቀድመኝ።

አሰልጣኝ ይሁኔ በስልክ እንዲህ ብሎ ላከ፦
"ሃያ ደቂቃ ጠበቅ፣ አምስት ደቂቃ ላላ፤
ልብሽ መቶ ስድሳ አምስትን አይለፍ፤ ሌላ
ነገር አትጨምሪ።"
ጨመርኩ።
መቼም ልጅነት ነው፣ ደሞም የጎጃም ሰው ነኝ፤
"በቃሽ" ያሉኝ ለታ፣ ያኔ ነው የሚብሰኝ።

ደህና ሳለሁ፣ መንገድ ላይ፣ ነፋስን ስሰድበው፣
በዘንዘልማ ሜዳ ደረቴን ሲገፋው፣
"ምን አርጌህ ነው?" እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ ስሸሸው፣
ለካ እሱ ኖሯል ላቤን የሚጠርገው፤
ለካ እንደ አስታማሚ፣ ሳላውቅ፣ ሳልከፍለው፣
ግንባሬን ሲያብስ የዋለው።

እዚህ ነፋስ በብር ነው። ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ፣
ሁለት ሺህ ከምናምን፣ ተከራክሬ፣ ከገበያ።
አንገቱን ግራ ቀኝ ያዞራል፣ "አይሆንም፣ አይሆንም" እንደሚል፤
ምክሩን ባልሰማውም፣ ትንፋሹ ይበቃኛል።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ።
መብራት ሄደ።
ክንፎቹ ቀስ፣
ቀስ፣
ቆሙ።

እግሬ ያው ነው፣ ማርሹ ያው ነው፣ ፍጥነቱም አልጨመረ፤
ልቤ ግን ብቻዋን ዳገት ጀመረች፤ በዛዊት መሰላት ይህ የታጠረ
ክፍል። መቶ ሰባ። ሰባ አራት። ሰባ ዘጠኝ።
ላቤ ሲሚንቶው ላይ ተኛ፣ ትንሽ ጣና ሠራልኝ፣
ታንኳ የሌለው፣ ደሴት የሌለው።
ዓይኔን ጨው ለበለበው።
ከዚያ በዚያ እሳት መሃል ክንዴ ላይ ፀጉሬ ቆመ፤
በረደኝ። አዎ፣ በረደኝ! ገላዬ ተሳሳተ፣ ታመመ።
"ስድስት ደቂቃ ናት!" ይላል፣ ውስጤ ያለው የሚፎክረው፣
"ይቺን ካልጨረስሽማ፣ ምኑን ብስክሌተኛ ሆንሽው?"

ያኔ አባቴ ታወሰኝ፤ አንማው፣ የዳንግላው፣
ብስክሌት ወጥቶ የማያውቅ፣ ሳያት ራሱ የሚዞረው።
ከማለዳ ጠምዶ፣ ጤዛው ሳይረግፍ አርሶ፣
ፀሐይ ስትከር ይፈታ ነበር፣ ግማሽ ትልም ቀርቶት፣
በሬዎቹን ወደ ዋርካው ጥላ መልሶ።
አንድ ቀን ጠየቅኩት፦ "አባ፣ ይቺን ጨርሰህ ብትፈታስ?"
የቦራን ጎን በመዳፉ እየዳበሰ፣ መለሰልኝ ቀስ፦
"ትልሙ ነገም እዚሁ ነው፣ የትም አይሄድ ልጄ፤
በሬው ዛሬ ከነደደ፣ ነገ በምን ላርስ? በእጄ?"

አልወረድኩም። ማርሹን አላላሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥርስ፣
እግሬን በባዶ ተውኩት፣ እንዲዞር፣ እንዲተነፍስ።
በሩን በክርኔ ገፋሁ፣ የውሃውን ጆግ አነሳሁ፣
ማጅራቴ ላይ፣ እጄ አንጓ ላይ፣ ጥቂት ጥቂት ደፋሁ።
ልቤ መውረድ አልፈለገችም፤ ስታጉረመርም ቆይታ
መቶ ሰላሳ ገባች፣ እንደ ሰው ተረጋግታ።

ምናሉ፣ የአከራዬ ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል፤
ጎማውን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል።
"የት ደረስሽ?" አለኝ።
"ዳንግላ።"
"ውሸታም!" አለና፣ በደብተሩ ልባስ ያራግብልኝ ጀመር።

ማታ ለይሁኔ ጻፍኩ፦ "አሥራ አራት ከሃያ። ጥማድ ፈታሁ።"
የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከ።
ነገ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ አስረዳዋለሁ።